ስማርት ሰዓት ሙፍቲ አይደለም



ሰሞኑን በእኛው ልጆች ስልክ የሚዟዟር አንድ አጭር ቪዲዮ አለ። አይታችሁት ይሆናል። ወጣቱ ስማርት ሰዓቱን ንጹሕ ክንድ ላይ ያስራል፣ የልብ ምት ቁጥር ይመጣል። ያንኑ ሰዓት ፈትቶ ታቱ ያለበት ክንድ ላይ ያስረዋል፤ ቁጥሩ ይጠፋና ሁለት ሰረዝ ብቻ ይቀራል። ከኋላ ነሺዳ ይለቀቃል፣ በትልቁ ይጻፋል፦ "ማሽኑ እንኳን አልቀበለውም! ሱብሓነላህ!" ከሥሩ የተደረደረው "አላሁ አክበር" ማለቂያ የለውም።

እውነቱን ልናገርና እኔም መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሼር ላደርገው ነበር። ያላደረግኩት አዋቂ ሆኜ ሳይሆን ካርድ ስላለቀብኝ ነው።

ከዚያ ያ ነገር መስጂዳችን ገባ። ከእኛ ጋር የሚሰግድ አንድ ወንድም አለ። ዲኑን የያዘው ከሦስት ዓመት ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ሕይወት እሱም አይደብቅም፣ ግራ እጁም አይደብቅለትም፤ አንጓው ላይ ዙሪያውን ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ታቱ አለ። ውዱእ ሲያደርግ እጅጌውን የሚሰበስበው ከሰው ዞር ብሎ ነው። አንድ ቀን ከዒሻ በኋላ ሦስት አራት ልጆች ከበቡትና "አኺ፣ እስቲ ያንን እንሞክረው" ብለው ሰዓት አሰሩለት። ሁለት ሰረዝ መጣ። ሳቁ። አንደኛው "ሰዓቱም አልቀበልህም አለ እኮ!" አለው። እሱም አብሯቸው ሳቀ። እኔም ጫማዬን እያሰርኩ ፈገግ አልኩ።

ይኸው ሁለት ጁሙዓ አለፈ፣ መስጂዳችን አልመጣም።

እንግዲህ ቪዲዮውን የሠራኸው ወንድሜ፣ ይህን የምጽፈው ለአንተ ነው። ኒያህ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ እሱን አላህ ያውቀዋል። ሥራህ ግን ስህተት ነው። ስህተትነቱንም ከሰዓቱ ሆድ ልጀምርልህ።

ሰዓትህን ፍታና ገልብጠው። ጀርባው ላይ አረንጓዴ የሚያበሩ ትንንሽ መብራቶች ታያለህ። ደም ቀይ ሆኖ የሚታየን ቀዩን ብርሃን ስለሚመልስና አረንጓዴውን ስለሚውጥ ነው። ልብህ ስትመታ አንጓህ ላይ የሚያልፈው ደም ይጨምራል፣ ስለዚህ ብዙ አረንጓዴ ብርሃን ይዋጣል። በምትና በምት መካከል ደሙ ይቀንሳል፣ የሚመለሰው ብርሃን ይጨምራል። ሰዓቱ መብራቶቹን በሰከንድ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ እያበራና እያጠፋ፣ የሚመለሰው ብርሃን ከፍ ዝቅ ሲል ይቆጥራል። ያ ነው ስክሪኑ ላይ "72" ብሎ የሚያሳይህ። ሥራው ይኸው ነው፣ ብርሃን መላክና የተመለሰውን መቁጠር።

የታቱ ቀለም ደግሞ የተቀመጠው በላይኛው ቆዳ ሳይሆን ከእሱ በታች ባለው ክፍል ነው። ላይኛው ቆዳ በየጊዜው ይረግፋል፣ ይታደሳል፤ የታችኛው እንደዚያ አይደለም። በዚያ ላይ ሰውነታችን ቀለሙን እንደ ባዕድ ነገር ስለሚያየው ተከላካይ ሕዋሶቹ ይውጡትና እዚያው ይዘውት ይቀራሉ። ታቱ ዕድሜ ልክ የሚቆየው ለዚህ ነው። አረንጓዴው ብርሃን ወደ ደሙ ለመድረስ ማለፍ ያለበት በዚሁ ቦታ በኩል ነው። ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ቀለም ካገኘ እዚያው ይዋጣል። የሚመለስ ሲጠፋ ሰዓቱ የሚቆጥረው የለውም። አንዳንዱ ሰዓት እንዲያውም ከእጅ ላይ የወለቀ ይመስለውና ራሱን ቆልፎ የይለፍ ቁጥር ይጠይቃል።

ይህ ደግሞ ትናንት የተገኘ ምሥጢር አይደለም። አፕል ዎች ለገበያ የቀረበው በሚያዝያ 2015 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። በቀናት ውስጥ ክንዳቸውን የተነቀሱ ገዢዎች "ሰዓቱ አያነብልንም" ብለው መጮህ ጀመሩ። ኩባንያውም በራሱ የመረጃ ገጽ ላይ አመነ፤ የአንዳንድ ታቱ ቀለም፣ ቅርጽና ድምቀት የዳሳሹን ብርሃን ሊከለክል እንደሚችል ጻፈ። ታቱ ካላቸው ምዕራባውያን ብዛት አንጻር ለኩባንያው ራስ ምታት ነበር። ማንም እዚያ ተአምር አላየም፤ ያዩት የዕቃ ጉድለት ነው።

"የአንዳንድ ታቱ" የሚለውን ልብ በልልኝ። ቀጭን መስመር ያለው ወይም ቀለሙ የሳሳ ታቱ ላይ ሰዓቱ ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ያነባል። ታዲያ በአንተ ስሌት ቀጭኑ ታቱ ሐላል፣ ወፍራሙ ሐራም ሊሆን ነው? ብርድ ላይ ቆመህ እጅህ ከቀዘቀዘ፣ ማሰሪያው ከላላ፣ እየሮጥክ እጅህን ካወናጨፍክም ቁጥሩ ይዛባል። ያኔስ ማን ነው ያልተቀበለህ?

ወይም ይህን ሞክር። ከገበያ የሚገዛውን ርካሽ ስማርት ሰዓት ወስደህ ሙዝ ላይ እሰረው። ሙዙን ካጣህ የመጸዳጃ ቤት ሶፍት ጥቅል ይበቃል። ብዙዎቹ የልብ ምት ይቆጥሩለታል! ይህን በቪዲዮ ያሳዩ ሰዎች በየአገሩ ሞልተዋል። የሚመለስ ብርሃን እስካገኘ ድረስ ከልብ ይምጣ ከሙዝ አይለይም። ሙዝን "ተቀብሎ" ተውበት ያደረገን ሙእሚን "የማይቀበል" ምስክር ይዘህ ነው የቀረብከው።

ሌላም ልጨምርልህ። ከ2018 ወዲህ የወጡ አንዳንድ ሰዓቶች ኢሲጂ አላቸው። እሱ በብርሃን አይሠራም፤ በሌላኛው እጅህ ጣት ሰዓቱን ስትነካ የልብን ኤሌክትሪክ ያነባል። ብርሃን ስላልሆነ የታቱ ቀለም አያጠፋውም። ደረት ላይ የሚታሰረው የስፖርተኞች መለኪያም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ያው አንድ ሰዓት፣ ያው አንድ ክንድ ላይ፣ በአረንጓዴ መብራቱ "አልቀበልም" ሲል በኤሌክትሪኩ "አህለን ወሰህለን" ይላል። የትኛውን ፈትዋ ልንይዝ ነው?

እስካሁን ያልኩት ቀልድ ሊመስልህ ይችላል። አሁን ወደማልቀልድበት ልምጣ።

አረንጓዴ ብርሃንን የሚውጠው የታቱ ቀለም ብቻ አይደለም። ሜላኒንም ይውጠዋል። ሜላኒን ማለት የአንተንና የእኔን ቆዳ ጥቁር ያደረገው ቀለም ነው። ማንም በመርፌ አልወጋንም፤ አላህ የፈጠረን ነው። የሰዓት ሠሪዎች ቆዳው ለጠቆረ ሰው መብራቱን ከፍ በማድረግ ሊያካክሱት ይሞክራሉ። ሰዓቶች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ውጤታቸው አንድ አይደለም፣ በቆዳ ቀለም ልዩነት ያገኙም ያላገኙም አሉ። ነገር ግን የሰዓቱ ታላቅ ወንድም የሆነውን፣ በኮሮና ጊዜ ሁላችንም ያወቅነውን፣ ጣት ላይ የሚቆነጠጠውን የኦክስጅን መለኪያ ተመልከት። እሱም በብርሃን ነው የሚሠራው፣ በቀይና ዓይን በማያየው ብርሃን።

በታኅሣሥ 2020 እንደ ፈረንጆቹ፣ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ኦክስጅን አለ ብሎ ያነበበባቸውን ልኬቶች ከደም ምርመራ ጋር አስተያዩ። ከነጮቹ ልኬቶች በ3.6 በመቶው ላይ ደሙ በእውነት የተገኘው ከ88 በመቶ በታች ነበር። ከጥቁሮቹ ልኬቶች ደግሞ በ11.7 በመቶው። ሦስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው! ትንፋሹ እያጠረው መሣሪያው "ደህና ነህ" የሚለው ሰው ማለት ነው። ቆዳ በዚህ መሣሪያ ንባብ ላይ ተጽዕኖ እንዳለው ደግሞ ከ1990 ጀምሮ ተጽፎ ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2013 ባወጣው መመሪያ መሣሪያው ሲፈተሽ ከተፈታኞቹ ቢያንስ ሁለቱ ወይም 15 በመቶው ቆዳቸው የጠቆረ ይሁን ብሎ ነበር የጠየቀው። ሁለት ሰው! ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ የሰጠው በ2021 ነው፣ የተሻሻለ የመመሪያ ረቂቅ ያወጣው ደግሞ በ2025።

አየህ ወንድሜ፣ "መብራቱ ያላነበበውን አላህ አልተቀበለውም" የሚለው አስተሳሰብህ የት እንደሚያደርስህ? ሱረቱ አር-ሩም 22ኛው አንቀጽ ላይ የቀለሞቻችን መለያየት ከአላህ ምልክቶች አንዱ መሆኑን እናነባለን። በአንተ ሚዛን ግን ያው ምልክት የጥፋት ማስረጃ ሊሆን ነው። የቢላልን (ረ.ዐ) ክንድ ብታስርበት ምን ሊልህ ነበር? ሌሎች ሰዎች የሠሩትን፣ እኛን ሳያስቡ የለኩትን ዕቃ ይዘህ መጥተህ በወንድምህ ላይ ዳኛ አድርገህ ሾምከው። ልንጠይቅበት የሚገባንን ጉድለት "ሱብሓነላህ" ብለህ አጨበጨብክለት።

"ታዲያ ታቱን ልትፈቅድልን ነው?" የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። በፍጹም። የንቅሳት ሐራምነት በቡኻሪና በሙስሊም ከኢብኑ ዑመርና ከኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) በተላለፉ ሐዲሦች የጸና ነው፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የምትነቅሰውንም የምትነቀሰውንም ረግመዋል። ይህ ብይን ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት በላይ ያለ ባትሪ ቆሟል። አንተ ግን አሁን ቻርጅ በሚፈልግ ዕቃ ላይ ልታስደግፈው ነው። ነገ አንዱ ኩባንያ በታቱ ላይም የሚያነብ ዳሳሽ ቢሠራ፣ ቪዲዮህን አይቶ "አሃ፣ ለካ እውነት ነው" ያለው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ምን ሊል ነው? "ማሽኑ ተቀበለው" አይልህም? በዳሳሽ ያመነ በዳሳሽ ይክዳል። ሐዲሡ በቂህ ካልሆነ ችግሩ ሌላ ነው።

ከቪዲዮው ሥር ደግሞ አንድ ጎበዝ "ብርሃን ካላለፈ ውኃም አያልፍም፣ ስለዚህ ውዱኡም የለም" ብሎ ጽፏል። ብዙ ላይክ አግኝቷል። ውዱእ የሚጠይቀው ውኃ የቆዳውን ገጽ እንዲነካ ነው። የጥፍር ቀለምና ሰም የሚከለክሉት ከላይ ስለሚለጠፉ ነው። የታቱ ቀለም ያለው ከቆዳው ሥር ነው፣ ውኃውን የሚያግድ ነገር ከላይ የለም። ሰው ሶላቱን በሚተውበት ነገር ላይ እንዲህ በድፍረት ከመጻፍ አንድ ሸይኽ መጠየቅ አይቀልም?

የተነቀሰ ሰው ከተጸጸተስ? ኢማም አን-ነወዊ (ረሒመሁላህ) በሶሒሕ ሙስሊም ማብራሪያቸው ላይ ጉዳዩን ዘርዝረውታል። ያለ ጉዳት ማስወገድ ከተቻለ ይወገዳል፤ ለአካሉ የሚያሰጋ ወይም ግልጽ በሆነ ቦታ ላይ የከፋ ጠባሳ የሚጥል ከሆነ ግን ግዴታ አይሆንበትም፣ ተውበት ካደረገም ኃጢአት አይቀርበትም። ዝርዝሩን ከኡስታዞቻችሁ ጠይቁ። እኔ ልል የፈለግኩት ዑለማዎቹ "ኃጢአት አይቀርበትም" ያሉትን ሰው አንተ በምን ሥልጣን ነው እንደገና ዱካውን ፈልገህ የምታሳፍረው?

አንድ ታሪክ ላስታውስህ፣ ለእኛ ለሐበሾች ቅርብ ነው። አስማእ ቢንት ዑመይስን (ረ.ዐ) ታውቃታለህ። ከባሏ ከጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) ጋር ወደ ሐበሻ ተሰዳ እዚህ የኖረች፣ እዚህ የወለደች ናት። ኋላም የአቡበክር (ረ.ዐ) ሚስት ሆነች። ቀይስ ኢብኑ አቢ ሓዚም ከአባቱ ጋር አቡበክር (ረ.ዐ) ዘንድ ገብቶ የአስማእን እጅ ተነቅሶ እንዳየ ተዘግቧል። ኢብኑ ሐጀር ይህን በፈትሑል-ባሪ ጠቅሰው፣ አጥ-ጦበሪይ ከክልከላው በፊት ተነቅሳው እጇ ላይ የቀረ ሳይሆን እንደማይቀር መናገራቸውን ጽፈዋል። ያቺ እጅ በዚያ ቤት ውስጥ ነበረች። የሁለት ሂጅራ ባለቤት የሆነች ሴት እጅ ናት። አሁን የአንተን ሰዓት ይዘህ እዚያ ቤት ግባ።

ለምን እንዲህ ተቆጣህ ካልከኝ፣ የመስጂዱ ልጅ ብቻ አይደለም ምክንያቴ። አያቴ የወሎ ሰው ናቸው። አንገታቸው ላይ ንቅሳት አላቸው፣ ድዳቸውም የተነቀሰ ነው። በልጅነታቸው ሴቶቹ ይዘዋቸው በመርፌና በጥቀርሻ ነው የነቀሷቸው። አንዱ ለውበት ነበር፣ የአንገቱ ለእንቅርት መድኃኒት ነው ተብሎ። ማን ጠየቃቸው? ሐዲሡንስ በዚያን ጊዜ ማን ነገራቸው? እኔ ሳውቃቸው ተሀጁድ ለመስገድ ሌሊት የሚነሱ፣ ሙስበሓቸው ከእጃቸው የማይጠፋ ሴት ናቸው። ባለፈው የአጎቴ ልጅ ያንን ቪዲዮ አሳየቻቸው። ክፋት አልነበራትም፣ አስገርሟት ነው። "እማማ፣ እዩ፣ ማሽን እንኳን ንቅሳት አይቀበልም" አለቻቸው።

አያቴ ሻሻቸውን ወደ አንገታቸው ሳብ አደረጉ። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ "እንግዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን የሰገድኩት ምን ሊሆን ነው?" አሉ።

ቪዲዮህ የት እንደደረሰ እንድታውቅ ነው።

ለእሳቸው ከላይ የጻፍኩትን በቀላሉ ነገርኳቸው። "ሲራጅ ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ብትሸፍኑት ብርሃኑ ይወጣል?" አልኳቸው። "አይወጣም" አሉ። "ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም" አልኳቸው። ገባቸው። ግን ሻሹን ዝቅ አላደረጉትም።

ሰዓት ያላችሁና ታቱ ያለባችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ቁጥሩ ካልመጣ አትደንግጡ። ንጹሕ ወደሆነው እጅ አዙሩት፣ ወይም ከቀለሙ ራቅ ብሎ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ማሰሪያው ጠበቅ ይበል። ልባችሁን በእርግጥ መከታተል ያለባችሁ ሕሙማን ከሆናችሁ ታቱ ኖረ አልኖረ በሰዓት ቁጥር ብቻ አትተማመኑ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ምታችሁን ብቻ ለማወቅ ሁለት ጣታችሁን አንጓችሁ ላይ አድርጋችሁ 15 ሰከንድ ቁጠሩና በአራት አባዙት። ይህኛው በማንኛውም ቆዳ ላይ ይሠራል።

አንተ ደግሞ ወንድሜ፣ ቪዲዮውን አጥፋው። "ተሳስቼ ነበር" ብለህ ሌላ አጭር ቪዲዮ ሥራ፤ ነሺዳው ባይኖረውም ግድ የለም። ሼር ያደረጋችሁትም ከገጻችሁ አንሱት።

በዚያች ምሽት ሰዓት ያሰራችሁለት የመስጂዳችን ልጆች፣ ስማችሁን አልጠራም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ከእናንተ ጋር ፈገግ ያለው እኔም ራሴን አውቃለሁ። ትናንት ደውዬለት አንስቶታል። ሌላ መስጂድ፣ ሁለት ታክሲ ይዞ እየሄደ ነው የሚሰግደው። እሁድ ከዙህር በኋላ ቤቱ ልሄድ ነው፤ አብሮኝ መሄድ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።